ጡት ላይ እብጠት ሲገኝ፦ ከጥርጣሬ እስከ ውጤት ያሉት ቀናት

ባለፈው ሳምንት ሰኞ የተመላላሽ ታካሚዎች ክፍሉን ዘግቼ ልወጣ ስል አንዲት እናት በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ዕድሜዋ 38 ነው፤ ጉልት ቸርችራ ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። (ማንነቷን ሊያሳውቁ የሚችሉ ነገሮችን ቀይሬያለሁ፤ ታሪኳን እንድጽፍም ፈቅዳልኛለች።) ነጠላዋን ሰብሰብ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ዶክተር፣ ሰው በሌለበት ላናግርዎት ፈልጌ ነው» አለችኝ።

በግራ ጡቷ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ጠጣር ነገር ያገኘችው ለፋሲካ ዋዜማ ገላዋን ስትታጠብ ነበር። ፋሲካ ካለፈ ስድስት ወር ሊሆን ነው። እብጠቱም ዛሬ ሽምብራ አያክልም፤ ሎሚ አክሏል።

«እስካሁን ምን አቆየዎት?» ብዬ ጠየቅኳት። የሰጠችኝ መልስ ከብዙ እናቶች የምሰማው ነው፤ «ካላመመኝ ምን ብዬ ልምጣ?» ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና እውነተኛውን ምክንያት ጨመረችበት። «ደግሞስ መጥቼ ያንን በሽታ ነው ቢሉኝ፣ ልጆቼን ምን ላደርጋቸው ነው?»

ያለንበት ወር በዓለም ዙሪያ ስለ ጡት ካንሰር ግንዛቤ የሚሰጥበት ነው። በየተቋሙ ሮዝ ሪባን ይታሰራል፤ «ጡትሽን መርምሪ» የሚል መልእክት ይተላለፋል። መልእክቱ ትክክል ነው። ነገር ግን አንዲት ሴት ራሷን መርምራ እጇ አንድ ነገር ላይ ካረፈ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት ታሳልፈው? ከማን ጋር ትማከር? ምርመራው ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ውጤት እየጠበቁ እንዴት ይተኛል? ስለዚህ ብዙ አይነገርም። የዛሬው ጽሑፋችን ትኩረት ይኸው ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይነግሩናል?

በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምት፣ በአገራችን በአንድ ዓመት ከ16 ሺህ በላይ አዲስ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ተገኝተዋል፤ ከ9 ሺህ በላይ የሚሆኑ ደግሞ በዚሁ በሽታ ሕይወታቸውን አጥተዋል። በዓለም አቀፍ ደረጃ በ2022 (እ.ኤ.አ.) 2 ነጥብ 3 ሚሊዮን ያህል ሴቶች በበሽታው ሲያዙ 670 ሺህ ያህል ሰዎች ሞተዋል።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሟቾች ቁጥር በዓመቱ አዲስ ከተያዙት አንድ ሦስተኛ አይሞላም። በእኛ አገር ግን ከግማሽ በላይ ነው። በአንድ ዓመት የሚያዙትና የሚሞቱት አንድ ዓይነት ሰዎች እንዳልሆኑ ግልጽ ነው፤ ቢሆንም ንጽጽሩ ትልቅ ነገር ይጠቁማል። ከልዩነቱ ብዙው የሚመጣው ከጊዜና ከሕክምና አቅርቦት ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ እንዳሳዩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ታማሚዎች ሕክምና የሚደርሱት በሽታው ደረጃ ሦስት ወይም አራት ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) የጡት ካንሰርን የሚመለከት ዓለም አቀፍ ንቅናቄ ጀምሮ፣ በ2023 (እ.ኤ.አ.) አገሮች ሊደርሱባቸው የሚገቡ ሦስት ግቦችን ይፋ አድርጓል። አንደኛ፣ ከታማሚዎች ቢያንስ 60 በመቶው በሽታቸው ደረጃ አንድ ወይም ሁለት ላይ እያለ እንዲገኝ። ሁለተኛ፣ አንዲት ሴት እብጠቷን ይዛ ጤና ተቋም ከደረሰችበት ቀን ጀምሮ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ምርመራዋ አልቆ ምን እንደሆነ እንዲነገራት። ሦስተኛ፣ ሕክምና ከጀመሩት ቢያንስ 80 በመቶው ሕክምናቸውን እንዲጨርሱ።

ከሦስቱ ውስጥ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው 60 ቀናት የሚለውን ነው። ይህ ቁጥር ለጤና ተቋማት የተሰጠ የቤት ሥራ ነው፤ ለታካሚዋ ደግሞ መለኪያ ነው። ያቺ እናት ግን ቆጠራው ሳይጀምር ከ170 ቀናት በላይ ቤቷ ውስጥ አሳልፋለች። ስለዚህ መጠበቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጤና ተቋም ከመድረሳችን በፊት በፍርሃትና በዝምታ የሚያልፈው ነው። ሁለተኛው ምርመራ ከተጀመረ በኋላ ያለው ነው። ሁለቱም ያስጨንቃሉ፤ አደገኛው ግን የመጀመሪያው ነው።

እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም

እጅዎ ጡትዎ ላይ አዲስ ነገር ሲያገኝ ልብዎ ወዲያው ወደ ክፉው ይሄዳል። ይህ የሰው ባሕርይ ነው። ይሁን እንጂ ከ10 የጡት እብጠቶች 8 ያህሉ ካንሰር አይደሉም። በወጣት ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው፣ ሲነኩት ሸርተት የሚል፣ ጉዳት የሌለው እጢ ነው። ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢትም ሊሆን ይችላል። ከወር አበባ ጋር ተያይዞ ጡት የሚጓጉልበትና የሚያምበት ጊዜ አለ። በምታጠባ እናት ላይ ወተት ሊቋጠር ወይም መግል ሊይዝ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ተሕዋስም አልፎ አልፎ ጡት ላይ እብጠት ያስከትላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። የመጀመሪያው፣ ዕድሜ እየጨመረ ሲሄድ አዲስ እብጠት ካንሰር የመሆን ዕድሉም ይጨምራል። ሁለተኛው፣ እብጠቱ ካንሰር ይሁን አይሁን በእጅ ዳሰሳ ብቻ በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችል ሰው የለም። ጎረቤትም፣ ታላቅ እህትም፣ ሐኪምም ቢሆን። «ካላመመ ችግር የለውም» የሚለው አባባል ደግሞ ብዙ ሰው ጎድቷል። የጡት ካንሰር በመጀመሪያ ደረጃው ላይ በአብዛኛው አያምም። የሕመም አለመኖር ማረጋገጫ አይሆንም፤ የሕመም መኖርም ካንሰር አለመሆኑን አያሳይም።

ከእብጠት ሌላ የሚከተሉት ሲታዩም መመርመር ያስፈልጋል፦ የጡት ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ መጎርበጥ፣ የጡት ጫፍ አዲስ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከጡት ጫፍ ደም ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ መውጣት፣ ጡት ጫፍ ላይ የማይድን ቁስል፣ ብብት ውስጥ እብጠት። ወንዶችም ጡት አላቸው፤ ከ100 የጡት ካንሰር ታማሚዎች አንዱ ያህል ወንድ ነው። አንድ አባት ጡቱ ላይ ጠጣር ነገር ካገኘ «የሴት በሽታ ነው» ብሎ ሊያፍር አይገባም።

የመጀመሪያው ሳምንት

እብጠቱን ያገኙበትን ቀን ይጻፉ። በየትኛው ጡት፣ በየትኛው በኩል፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ የመጨረሻው የወር አበባዎ የመጣበትን ቀንም ይመዝግቡ። ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ እየነኩ መመርመሩን ይተዉት። በተደጋጋሚ መጫን ቦታውን ያሳምማል፤ ሕመሙ ደግሞ «እየባሰ ነው» የሚል አዲስ ፍርሃት ይፈጥራል።

ከሚያምኑት አንድ ሰው ጋር ይነጋገሩ። ባለቤትዎ፣ እህትዎ፣ ወይም የልብ ጓደኛዎ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ቀን ለመላው ዘመድና ለዕድር መንገር አያስፈልግም። አንድ ሰው ግን ማወቅ አለበት። ምክንያቱም ብቻውን የተያዘ ፍርሃት ሰውን ቤቱ ያስቀረዋል፤ ሁለት ሆነው ሲይዙት ግን «በይ ተነሺ፣ እንሂድ» የሚል ሰው ይገኛል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚሉት ለዚህ ነው።

ከዚያም በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። የወር አበባዎ ሊመጣ የተቃረበ ከሆነና ጡትዎ ሁልጊዜ በዚህ ጊዜ የሚጓጉል ከሆነ፣ ካለፈ በኋላ እንደገና ማየት ይቻላል። ይሁንና ከአንድ የወር አበባ ዑደት በላይ አይጠብቁ። ጡትዎ ቀልቶ የሚያቃጥል፣ ትኩሳት ያለው ወይም መግል የያዘ ከሆነ፣ ወይም እብጠቱ በፍጥነት የሚያድግ ከሆነ በማግስቱ መሄድ ይገባል።

እብጠቱን አያሹት፤ በጋለ ነገር አያስተኩሱት፤ ቅጠል ደቁሰው አይለጥፉበት፤ አያስበጡት። ቆዳው ከቆሰለ በኋላ የሚመጡ ታካሚዎች ምርመራቸውም ሕክምናቸውም ይወሳሰባል። ጸሎትና ጸበል ለብዙ ታካሚዎቼ ብርታት ናቸው፤ ያንን ማንም ሊነፍጋቸው አይገባም። የምለምነው ሁለቱ ጎን ለጎን እንዲሄዱ ነው። ወደ ጸበል ከመሄድዎ በፊት ናሙና ይስጡ፤ ውጤቱ በሚሠራበት ጊዜ ጸበልዎን ይከታተሉ።

ምርመራው ምን ይመስላል?

ሳያውቁት የሚጠብቁት ነገር ከሚያውቁት ይልቅ ያስፈራል። ስለዚህ ሂደቱን ደረጃ በደረጃ እንመልከት። የጡት እብጠት የሚመረመረው በሦስት መንገድ ነው፤ ሦስቱም ውጤት መስማማት አለባቸው።

የመጀመሪያው የሐኪም ዳሰሳ ነው። ሁለቱም ጡቶችና ሁለቱም ብብቶች ይታያሉ። ሴት ባለሙያ እንድትመረምርዎ ወይም በክፍሉ ውስጥ እንድትገኝ የመጠየቅ መብት አለዎት። «እብጠት አለብኝ» ብለው ሐኪሙ ልብስዎን ሳያስወልቅ መድኃኒት ከጻፈልዎ፣ በትሕትና «ቢያዩልኝ» ይበሉ።

ሁለተኛው ምስል ነው። ዕድሜያቸው ከ40 በታች ለሆኑ ሴቶች በአብዛኛው አልትራሳውንድ ይቀድማል፤ የወጣት ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሞግራም በደንብ ላያሳይ ይችላል። ከዚያ በላይ ላሉት ማሞግራም ይታከላል። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፤ ለነፍሰ ጡርም ለምታጠባ እናትም አይጎዳም።

ሦስተኛው ናሙና ነው። በቀጭን መርፌ ሴሎች ይሳባሉ፤ ወይም ቦታው ደንዝዞ ወፈር ባለ መርፌ ቁራጭ ሥጋ ይወሰዳል። ሁለተኛው ባዮፕሲ የሚባለው ሲሆን የበለጠ መረጃ ይሰጣል። ሰዎች «መርፌ ከነካው ይሰራጫል» እያሉ ከዚህ ደረጃ ይሸሻሉ። ይህ እውነት አይደለም። ወሬው የተወለደው ብዙዎች ዘግይተው ስለሚመረመሩ ይመስለኛል። በሽታው አስቀድሞ ተሰራጭቶ ሳለ ጥፋቱ በመርፌው ይላከካል።

ውጤቱ ለምን በዕለቱ አይደርስም? የተወሰደው ቁራጭ ፎርማሊን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ መቆየት አለበት። ከዚያ በሰም ውስጥ ይቀበራል፤ ከፀጉር በቀጠነ መጠን ይከተፋል፤ ቀለም ይነከራል፤ በመጨረሻም የፓቶሎጂ ሐኪም በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ይህ በየትኛውም አገር ቀናትን ይጠይቃል። በእኛ አገር ደግሞ የፓቶሎጂ ሐኪሞች ቁጥር ትንሽ ስለሆነና አብዛኞቹ በትልልቅ ከተሞች ስለሚገኙ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ውጤቱ ሲዘገይ «አንድ ክፉ ነገር አግኝተው ደብቀውኛል» ብለው አይደምድሙ። የዘገየ ውጤት ክፉ ውጤት ማለት አይደለም።

በብዙ ቦታ ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ የሚወስደው ታካሚው ወይም ቤተሰቡ ነው። ይህ ከሆነ ዕቃው ላይ ሙሉ ስምዎና የካርድ ቁጥርዎ መጻፉን፣ ክዳኑ በደንብ መገጠሙን ያረጋግጡ። ፈሳሹን አይድፉት፤ ውሃም አይጨምሩበት። በዚያው ቀን ያድርሱት። ከረጢት ውስጥ ሆኖ ቤት ያደረ ናሙና ሊበላሽና እንደገና መወጋት ሊያስፈልግ ይችላል።

ሳምንታትና ወራት አንድ አይደሉም

ውጤት የሚጠብቁ ታካሚዎች በብዛት የሚጠይቁኝ «በዚህ ሁለት ሳምንት ውስጥ ቢሰራጭብኝስ?» ብለው ነው። መልሱ ሊያረጋጋ የሚገባ ነው። በእጅ ሊዳሰስ የደረሰ የጡት ካንሰር በአብዛኛው ለመድረስ ዓመታት ወስዷል። የሁለትና የሦስት ሳምንት የምርመራ ጊዜ የታካሚዋን ዕጣ አይለውጥም። በሌላ በኩል ሦስት ወርና ከዚያ በላይ መዘግየት የመዳን ዕድልን እንደሚቀንስ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ሳምንታቱ እንቅልፍ ሊነሱን አይገባም፤ ወራቱ ግን ሊያስደነግጡን ይገባል።

ይህን ስል ጭንቀቱ ትንሽ ነው ማለቴ አይደለም። ብዙ ታካሚዎች ከሕክምናው ይልቅ ውጤት የጠበቁባቸው ቀናት እንደከበዷቸው ነግረውኛል። ሆዱ የሚቆለፍ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነቅቶ ጣሪያ የሚያይ፣ በልጆቹ ላይ የሚቆጣ ሰው እብድ አይደለም፤ ደካማም አይደለም። የሚጠብቅ ሰው ነው። ለታካሚዎቼ የጠቀሟቸውን ጥቂት ነገሮች ላካፍላችሁ።

አንድ ደብተር ይያዙ። ጤና ተቋም የደረሱበትን ዕለት «ቀን 1» ብለው ይጻፉ። የተደረገልዎትን ምርመራ፣ ናሙናው የተወሰደበትን ቀን፣ ውጤቱ የሚወጣበትን ቦታና ቀን፣ የሚደውሉበትን ስልክ ይመዝግቡ። ከክፍሉ ከመውጣትዎ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ውጤቱ መቼ ይደርሳል? የት ነው የምቀበለው? በተባለው ቀን ካልደረሰ ማንን ልጠይቅ? እነዚህ ጥያቄዎች ሐኪምን መድፈር አይደሉም።

ለጭንቀት ሰዓት ይስጡት። «አላስብም» ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ከሚያምኑት ሰው ጋር ቡና ላይ ተቀምጠው ግማሽ ሰዓት ያውሩት፤ ይጻፉት፤ ካስፈለገም ያልቅሱ። ሌሊት ሲመጣ «ነገ በሰዓቱ እናወራለን» ብለው ይመልሱት። ቀላል ይመስላል፤ ብዙዎችን ግን ረድቷል።

ሥራዎን አይተዉ። ጉልትም ይሁን ቢሮ፣ እጅ ሥራ ሲይዝ ሐሳብ ትንሽ ያርፋል። በእግር ይሂዱ፤ ምግብ አይዝለሉ፤ ማታ ማታ ቡና ይቀንሱ። ሌሊት ስልክ ከፍተው ስለ ካንሰር መፈለጉን ይተዉ፤ የሚያገኙት የሌላ ሰው ታሪክ ነው፤ የእርስዎ ውጤት እዚያ የለም። እንቅልፍ ሙሉ በሙሉ ከራቀዎት፣ ምግብ አልበላ ካለዎት፣ ወይም መኖር ካስጠላዎት ግን ዝም አይበሉ፤ ለሐኪምዎ ወዲያውኑ ይንገሩ። ይህም ይታከማል።

ለቤተሰብም አንድ ቃል። «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» ማለት ደግነት ቢሆንም የምትፈራውን ሰው አፍ ሊዘጋ ይችላል። እንዲህ ከማለት «ውጤቱ ምንም ይሁን አብሬሽ ነኝ፤ ሐሙስ እኔ ይዤሽ እሄዳለሁ» ማለት ይሻላል። ልጅ የሚይዝላት፣ እንጀራ የሚጋግርላት፣ ወረፋ የሚይዝላት ሰው ከመቶ ምክር ይበልጣል። «እገሊት እኮ በዚሁ ነው የሞተችው» የሚል ወሬ ደግሞ ከደጃፍ ይመለስ።

ውጤቱን ማን ይስማው?

በባህላችን ክፉ ወሬ ለባለቤቱ በድንገት አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። ይህ ጥልቅ የሆነ የመተዛዘን ሥርዓት ነው። ወደ ሕክምና ክፍል ሲገባ ግን ሌላ መልክ ይይዛል። ወንድም ወይም ባል ኮሪደር ላይ ተከትሎን «ዶክተር፣ እባክዎ ለእሷ እንዳይነግሯት፤ ትሞትብናለች» ይለናል። እኛም አንዳንዴ እንታዘዛለን። ታካሚዋ ግን የቤተሰቡን ፊት ታነባለች። ያልተነገራትን ታውቃለች፤ መጠየቅ ግን አትችልም። ምን እንደሆነ ያላወቀች ሴት ቀዶ ሕክምናውን ለምን እንደምትቀበል፣ መድኃኒቱን ለምን እንደምትጨርስ አይገባትም። ሕክምናቸውን አቋርጠው ከጠፉ ታካሚዎች መካከል በሽታቸው ፈጽሞ ያልተነገራቸው አጋጥመውኛል።

ስለዚህ ውጤቱ ሳይመጣ፣ ልብ ገና ሳይደነግጥ፣ ይወስኑ። ውጤቱን ራስዎ መስማት ይፈልጋሉ? ከማን ጋር? ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን ወይስ ቀስ በቀስ? ይህን ለሐኪምዎ አስቀድመው ይንገሩት። ውጤቱ የእርስዎ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ

ውጤቱ ከሦስት አንዱ ነው። «ካንሰር አይደለም» ከተባለና ከዳሰሳውና ከምስሉ ጋር ከተስማማ፣ ደስ ይበልዎ፤ የክትትል ቀን ግን ይጠይቁ። «ግልጽ አይደለም» ከተባለ ወይም ሦስቱ ምርመራዎች ካልተስማሙ፣ ናሙናው መደገም አለበት። የቀጭን መርፌ ናሙና ምንም አላገኘም ማለት ሁልጊዜ ምንም የለም ማለት አይደለምና «ነጻ ነሽ ተብያለሁ» ብለው አይሰወሩ።

«ካንሰር ነው» ከተባለ፣ ያ ቀን ከባድ ነው። ግን የሞት ፍርድ አይደለም። በጊዜ የተገኘ የጡት ካንሰር ከሚታከሙት የካንሰር ዓይነቶች አንዱ ነው። ከናሙናው ላይ የኢስትሮጂን፣ የፕሮጄስትሮንና የኸር-ቱ ምርመራ እንዲሠራ ይጠይቁ፤ እንደ ታሞክሲፈን ያለ በቀላሉ የሚዋጥ ኪኒን ይጠቅምዎ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። ጡት ሙሉ በሙሉ መነሳት የግድ የማይሆንበት ጊዜም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው ሕክምናው ጤና ተቋም ከደረሱበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መጀመር አለበት።

የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ አሁን ጅማን ጨምሮ ከአዲስ አበባ ውጭም ተጀምሯል። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆኑ የሪፈር ወረቀቱን ከጤና ጣቢያው ጀምሮ ይዘው ይሂዱ፤ ደረጃውን ዘለው ከሄዱ ወጪዎ ላይሸፈን ይችላል። ለሕክምና ከክልል መጥተው አዲስ አበባ ማረፊያ ላጡ ታማሚዎች እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ማኅበራት ድጋፍ ያደርጋሉ።

የእኛስ ድርሻ?

ጥፋቱን ሁሉ በታካሚዎች ላይ መጫን ሐቀኝነት አይሆንም። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት አንዲት የምታጠባ እናት እብጠት ይዛ መጥታ «የወተት ቋጠሮ ነው፤ ጡት ማጥባትሽን ቀጥይ» ብዬ መልሻታለሁ። ተመለሺ አላልኳትም። ከአራት ወር በኋላ ሌላ ሐኪም ዘንድ ስትደርስ በሽታው ብብቷ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለማንኛዋም የምታጠባ እናት የምለው አንድ ነው፤ እብጠቱ በሁለት ሳምንት ካልጠፋ አልትራሳውንድ ይታይ።

60ዎቹ ቀናት የሚባክኑባቸውን ቦታዎች እናውቃቸዋለን። የመጀመሪያው ባለሙያ ሳይዳስስ ሲያሰናብት፤ ለአልትራሳውንድ ረጅም ቀጠሮ ሲሰጥ፤ ናሙናው የት እንደደረሰ የሚከታተል ሲጠፋ፤ ውጤቱ መጥቶ መሳቢያ ውስጥ ሲቀር። የፓቶሎጂ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ዓመታት ይወስዳል። የቀሩት ግን አዲስ መሣሪያ አይጠይቁም። በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ መጋረጃ ያለው የምርመራ ቦታ፣ የጡት እብጠት ይዘው የመጡ ሴቶች የሚመዘገቡበት አንድ መዝገብ፣ ውጤት ሲደርስ የሚደውል አንድ ባለሙያ ይበቃሉ። በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ስለ ክትባትና ስለ እርግዝና ሲጠይቁ «ጡትሽ ላይ አዲስ ነገር አለ?» የሚለውን ቢጨምሩ፣ በቤት ውስጥ በዝምታ የሚያልፉት ወራት ያጥራሉ።

ያቺ እናት ዛሬ ቀን 10 ላይ ናት። በሦስተኛው ቀን አልትራሳውንድ ተነሳች፤ በአምስተኛው ናሙና ሰጠች፤ ወንድሟ በዚያው ዕለት ላቦራቶሪ አደረሰላት። ትናንት ደውላ «ዶክተር፣ እስካሁን የለም?» አለችኝ። «ገና ነው፤ ሁለት ሳምንት ብለውናል» አልኳት። ውጤቱን ራሷ ልትሰማ፣ እህቷም አብራት ልትሆን ወስናለች። ጉልቷንም አልዘጋችም። ውጤቱ ምን እንደሚሆን እኔም አላውቅም። ስድስቱ ወራት አይመለሱም፤ ከእንግዲህ ያሉትን ቀናት ግን አብረን እየቆጠርናቸው ነው።

ይህን የምታነቡ፣ እናንተም ያገኛችሁትን ነገር ለማንም ሳትናገሩ የያዛችሁ ካላችሁ፣ የእናንተም ቀን 1 በዚህ ሳምንት ይሁን። ቸር ያሰማን።